ወገብዎን የሚነካው እጅ ይጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ሰዎችና ወገባቸውን አምነው ስለሚሰጡት እጅ ነው። ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል። ሰውን ከሥራውና ከወትሮ ኑሮው በማስተጓጎል የሚወዳደረው ሕመም የለም። ከእነዚህ መካከል ምናልባት እርስዎ፣ ካልሆነም እናትዎ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውለው ወንድምዎ ይገኙበታል።

አገር ቤት ወገቡን የያዘው ሰው «እስቲ ለወጌሻ ታይ» ይባላል። አሜሪካ ያለው ወገናችን ደግሞ፣ በተለይ መኪና ተጋጭቶ ከሆነ፣ ገና በማግስቱ «ካይሮፕራክተር ጋ ሂድ» የሚለው ሰው አያጣም። ወጌሻውም ካይሮፕራክተሩም የሚሠሩት በእጃቸው ነው። ሁለቱንም በሙሉ ልቡ የሚያምን አለ፤ ስማቸው ሲነሣ ፊቱን የሚያጠቁርም አለ። እኔ ግን ከሁለቱም ወገን ቆሜ ልከራከር አልፈልግም። የምፈልገው የካይሮፕራክቲክን ታሪክ ላወጋዎት ነው። አንድ ሰው በግሉ የጀመረው የእጅ ሥራ ወህኒ ወርዶ፣ ፍርድ ቤት ተሟግቶ፣ ፈቃድ አግኝቶ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባበት መንገድ ተጽፎ ይገኛልና ብዙ ያስተምራል።

ለእኔ ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ባለሙያ ስለታሰረ ብቻ እውነተኛ አይሆንም፤ ፈቃድ ስላገኘም ብቻ ትክክል አይሆንም፤ አንድ ሕመምተኛ «ዳንኩ» ማለቱም ብቻውን አያስተማምንም። ሙያን የሚያስከብረው ሥራው ሲፈተን ለፈተናው መቆሙ፣ ያልተረጋገጠውንም የራሴ ነው ሳይል መተዉ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ዳቬንፖርት ከተማ ነው። በ1845 ካናዳ ውስጥ የተወለደው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር መምህርነትን፣ ንብ ማነብንና የግሮሰሪ ንግድን ሞክሮ በመጨረሻ ወደ «ማግኔት ሕክምና» ገባ። ይህ ሕክምና ከፈዋሹ እጅ የሚወጣ ኃይል ሕመምተኛውን ያድናል በሚል እምነት እጅን በታመመው ቦታ ላይ መጫን ነበር። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን የዘመኑ ሐኪም ቤትም ብዙ የሚያስተማምን አልነበረም። ሐኪሞች ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ያጠጡ ነበር። ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ደህና ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ድክመታቸው አደባባይ የወጣው በ1910 በአብርሃም ፍሌክስነር ዘገባ ነው። ከፓልመር በፊት አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም ልጆቹን ማጅራት ገትር ከነጠቀው በኋላ በዘመኑ መድኃኒት ተስፋ ቆርጦ ነበር። በ1892 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ የአጥንትና የመጋጠሚያ እሽታን የሚያስተምር የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት ከፍቷል። እንዲህ ባለ ዘመን፣ መርዝ ሳያጠጣ በእጁ ብቻ የሚሠራ ሰው ደጃፍ ላይ ሕመምተኛ ቢበዛ አይገርምም።

ፓልመር ቢሮ በተከራየበት ሕንፃ ውስጥ ሃርቪ ሊላርድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በጽዳት ይሠራ ነበር። ጆሮው መስማት ካቆመ 17 ዓመት ሆኖታል። ፓልመር በኋላ እንደጻፈው፣ ሊላርድ አጎንብሶ ሲሠራ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ድንገት ሲከዳው ተሰምቶት ነበር፤ መስማት ያቆመውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1895 ፓልመር ጀርባውን ቢዳስስ ከቦታው የወጣ የመሰለው የአከርካሪ አጥንት አገኘ። ሊላርድን አግባብቶ አስተኛው፣ አጥንቱን በእጁ ገፋው፣ ሰውየውም ብዙ ሳይቆይ እንደ ድሮው መስማት ጀመረ ይላል። የሊላርድ ልጅ ግን የምትናገረው ሌላ ነው። አባቷ ከወዳጁ ጋር ሲጨዋወት ፓልመር ቀልዱን ሰምቶ እየሳቀ በያዘው መጽሐፍ ጀርባውን መታ አደረገው፤ አባቷም ከቀናት በኋላ መስማቱ እንደተሻለው ተናገረ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የመስማት ነርቭ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው በራስ ቅል ውስጥ ነው፤ በጀርባ አጥንት በኩል አያልፍም። በዚያን ቀን የሆነውን አሁን ማረጋገጥ የሚችል የለም። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ፓልመር የአንድ ሰው ጆሮ ተከፈተ ብሎ ስለ ሰው ልጅ በሽታ ሁሉ ሕግ አወጣ። ከቦታው የተንሸራተተ አጥንት ነርቭን ይጫናል፣ ነርቭ ሲጫን በሽታ ይመጣል አለ፤ ይህንንም መንሸራተት «ሰብለክሴሽን» ብሎ ጠራው። በ1910 ባሳተመው መጽሐፉ ከመቶ በሽታ 95ቱ የሚመጡት ከአከርካሪ አጥንት መንሸራተት ነው እስከማለት ደረሰ። ለሥራው ካይሮፕራክቲክ የሚለውን ስም ከግሪክኛ ያወጣለት ሳሙኤል ዊድ የሚባል ቄስ ወዳጁ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1897 ተከፈተ። ሙያው የመጀመሪያ ሕመምተኛዬ ብሎ ስሙን የሚያነሣው ሰው ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ይኸው ትምህርት ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥቁር ተማሪ አለመቀበሉን ሳነብ ግን ልቤ አዝኗል። ይህም የታሪኩ አካል ነውና ሊታለፍ አይገባም።

ከዚያ የእስሩ ዘመን መጣ። በ1906 ፓልመር ያለ ፈቃድ በማከም ተከሶ ተፈረደበት። ቅጣቱ 350 ዶላር ወይም 105 ቀን እስራት ነበር። አልከፍልም ብሎ ወህኒ ወረደ፤ 23 ቀን ከታሰረ በኋላ ከፍሎ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ከዚሁ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሸጋታሮ ሞሪኩቦ የሚባል ትውልደ ጃፓናዊ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በላ ክሮስ ከተማ ተከሰሰ። ክሱ ፈቃድ ሳይኖረው ኦስቲዮፓቲ ሠርቷል የሚል ነበር። ጠበቃው ቶም ሞሪስ ካይሮፕራክቲክ ከኦስቲዮፓቲ የተለየ፣ የራሱ ሳይንስና የራሱ ፍልስፍና ያለው ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ሞሪኩቦም ነጻ ወጣ።

የዚህ ፍርድ ውጤት ከአንድ ሰው ነጻ መውጣት ያልፋል። ከዚያ ወዲህ የሙያው ሰዎች ከእስር የሚድኑት «እኛ የተለየን ነን» ሲሉ ሆነ። በሽታ አንመረምርም፣ አናክምም፤ አከርካሪን ብቻ እናቃናለን ማለት ነበረባቸው። የሰብለክሴሽን ትምህርት ከመላ ምትነት አልፎ የሕግ ጋሻ ሆነ። ጋሻ የሆነን ነገር ደግሞ ማን ደፍሮ ይፈትሻል? አንድ ባለሙያ «ይህ ነገር በእርግጥ እውነት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለአሳሪው በር የከፈተ ያህል ነበር። አሳዳጆቹ ሳያውቁት የሙያውን ደካማ ጎን አጠነከሩት።

እስሩ ሙያውን አላጠፋውም። ቅጣት አልከፍልም እያለ የሚታሰር በዛ፤ ሕመምተኞቻቸውም አብረዋቸው ቆሙ። በካሊፎርኒያ ብዙዎች ከታሰሩ በኋላ በ1922 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ የሙያውን ሕግ አጸደቀ። ሙያውን በሕግ በመቀበል ካንሳስ በ1913 ቀዳሚ ስትሆን ሉዊዚያና በ1974 የመጨረሻዋ ሆናለች። በመካከል 61 ዓመት አለ።

ውስጥ ውስጡን ግን ሌላ ክርክር ነበር። የፓልመር ልጅ ቢ. ጄ. ፓልመር ትምህርት ቤቱን ከአባቱ ተረክቦ አስፋፋው። በ1910 ኤክስሬይ አስገባ፤ የሬዲዮ ጣቢያም አቋቁሞ ትምህርቱን አሰራጨ። በ1924 ደግሞ ከአከርካሪ ግራና ቀኝ ያለውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አመጣና ያለዚህ ትክክለኛ ሥራ የለም ብሎ በውድ ኪራይ ማከራየት ጀመረ። በዚህ የተነሣ ብዙ ተከታዮቹ ጥለውት ሄዱ። በአንድ ወገን የፓልመርን ትምህርት ሳንበርዝ እንይዛለን የሚሉ፣ በሌላ ወገን እሽታን፣ የሰውነት እንቅስቃሴንና ሌላውንም ሕክምና እናዳብላለን የሚሉ ተለያዩ። ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ከ1941 ጀምሮ ጆን ኑጀንት የሚባል ሰው ደካማ ትምህርት ቤቶችን እያዋሐደ፣ ለትርፍ የሚሠሩትን እያስተካከለ ዞረ፤ ብዙ ጠላትም አፈራ። ትምህርቱን የሚመዝነው የሙያው ምክር ቤት በ1974 ከአሜሪካ መንግሥት እውቅና ሲያገኝ፣ የእርሱን የመሰለ ድካም ፍሬ አፈራ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ትልቁ ሙግት ልውሰድዎ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በ1963 ሐሰተኛ ሕክምናን የሚከታተል ኮሚቴ አቋቋመ፤ ዋና ሥራውም ካይሮፕራክቲክን መግታትና በመጨረሻም ማጥፋት ነበር። ማኅበሩ በ1966 ሙያውን ሳይንስ የሌለው አምልኮ ብሎ ፈረጀው፤ ሐኪሞችም ከካይሮፕራክተር ጋር አብረው መሥራታቸው ከሥነ ምግባር ውጭ ነው አለ። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደነበር ያስቡት። አንድ ካይሮፕራክተር የሕመምተኛው ሁኔታ አሳስቦት ወደ ሐኪም ቢልከው፣ ሐኪሙ አብሮት ለመነጋገር ይቸገራል። የኤክስሬይ ባለሙያ ፎቶውን አንብቦለት ውጤቱን ለመላክ ይፈራል። በሁለቱ ጠብ መካከል የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው።

በ1976 ቼስተር ዊልክና ሌሎች ካይሮፕራክተሮች ቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ማኅበሩን ከሰሱ። መጀመሪያ ተሸነፉ፤ ይግባኝ ጠየቁ፤ ጉዳዩ እንደገና ታየ። በ1987 ዳኛ ሱዛን ጌትዘንዳነር ማኅበሩ የንግድ ውድድርን የሚጠብቀውን የሸርማን ሕግ ጥሶ በሙያው ላይ ሕገ ወጥ አድማ መርቷል ብለው ፈረዱ። በ1990 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። ከ14 ዓመት በኋላ ነገሩ ተዘጋ።

ድሉ ትልቅ ነበር፤ ፍትሕም ነበረው። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የፈረደው በአድማው ላይ እንጂ በፓልመር ትምህርት ላይ አልነበረም። «እናንተን ለማጥፋት ማሤር ሕገ ወጥ ነው» ማለትና «የምትሉት ሁሉ እውነት ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። አንዳንዶች ግን ፍርዱን የትምህርታቸው ማረጋገጫ አድርገው ለሕዝብ አቀረቡት። ይህን ነው አጥብቄ የምቃወመው። የሕግ ጥያቄ በፍርድ ቤት ይመለሳል፤ የሕክምና ጥያቄ የሚመለሰው ሕመምተኞችን በጥንቃቄ አነጻጽሮ በመመዘን ነው።

ሚዛኑ ምን አለ? ለወገብ ሕመም፣ ሥራው ፍሬ አለው። በ1994 አንድ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር መሥሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ፣ ድንገት ለሚነሣ የወገብ ሕመም አከርካሪን በእጅ ማቃናት ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ ገባ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 መድኃኒት ከመጀመር በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መካከል ቆጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያም ውስጥ አለ። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ከሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምናና ከመሰሎቹ እምብዛም አይበልጥም። ቢሆንም በመቶ ዓመት ስድብ ውስጥ ላለፈ ሥራ ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም። ለአስም፣ ለሕፃናት የሆድ ቁርጠት፣ ለጆሮ ሕመም ሲባል ግን አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም።

እንግሊዝ ውስጥ የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። በ2008 ሳይመን ሲንግ የሚባል የሳይንስ ጸሐፊ እንዲህ ያሉ የሕፃናት ሕክምናዎች ማስረጃ የላቸውም ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። የብሪታኒያ የካይሮፕራክቲክ ማኅበር ማስረጃውን በማቅረብ ፋንታ በስም ማጥፋት ከሰሰው። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለሲንግ ሲፈርድ ማኅበሩ ክሱን ተወ፤ ሙግቱም የአገሪቱን የስም ማጥፋት ሕግ ለማሻሻል ከገፋፉት አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ግን የሙያው ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ራሱ፣ ሰብለክሴሽን የበሽታ መንስኤ ነው ለማለት የሚያስችል የምርምር ማስረጃ የለም ብሎ በይፋ አስታወቀ። አንድ ሙያ የመሥራቹን ዋና ትምህርት ያልተረጋገጠ ነው ለማለት ደፈረ። በእኔ እምነት ካይሮፕራክቲክ ከየትኛውም ፍርድ ቤት ደጅ ይልቅ በዚህ ቀን ከብሯል።

እስቲ ደግሞ አልጋው ላይ የሚሆነውን እንይ። ሕመምተኛው በጎኑ ይተኛል፤ ከላይ ያለውን ጉልበቱን ያጥፋል። ባለሙያው አንድ እጁን ትከሻው ላይ፣ ሌላውን ከወገቡ ዝቅ አድርጎ ያኖራል፤ ሰውነቱን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ከዚያ አጭርና ፈጣን ግፊት ይሰጣል፤ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙ ሰው ያ ድምፅ የወለቀ አጥንት ሲገባ የሚያሰማው ይመስለዋል። አይደለም። ድምፁ በመጋጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ ክፍተት ጋር የተያያዘ ነው፤ በ2015 የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት ሲሳብ በኤምአርአይ ቀርጸው አሳይተውታል። ሕመሙ ቢቀልም አጥንት ወጥቶ ስለገባ አይደለም። «አከርካሪህ ወጥቷል፤ በየሳምንቱ ካልመለስኩት ጉድ ይፈላል» የሚልዎት ሰው ካለ የሚነግርዎ የ1895ቱን ነው።

አንገትን በኃይል ማዞር ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። አልፎ አልፎ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የደም ሥር ግድግዳ ተሰንጥቆ ስትሮክ ይከተላል። በ2008 ኦንታሪዮ ውስጥ የተሠራ ጥናት ይህ ችግር ወደ ሐኪም በሄዱ ሰዎች ላይም በተመሳሳይ መጠን መታየቱን አግኝቷል፤ ምናልባት የደም ሥራቸው አስቀድሞ የተሰነጠቀ ሰዎች የአንገት ሕመሙ ይዟቸው ወደ ባለሙያ ስለሚሄዱ ይሆናል። ክርክሩ አልተቋጨም፤ አደጋው ብዙ ጊዜ ባይደርስም ሳይነገርዎ አንገትዎን መስጠት ግን አይገባም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ወጌሻ ከካይሮፕራክቲክ በፊት የነበረ፣ ዛሬም ሆስፒታል ርቆት ለሚኖር ሕዝብ ቶሎ የሚደርስ ነው። ወለምታን ያሻል፣ ውልቃትን ይመልሳል፣ ስብራትን ያስራል። ነገር ግን ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም ወደ እጅና እግር መሄድ ያቆማል፤ ጣት ይጠቁራል፤ በዚህ የተነሣ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። የአገራችን የቀዶ ሕክምና ሰዎች ይህን ደጋግመው ጽፈዋል። በ2005 የታተመ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥናት ደግሞ ተስፋ ይሰጣል፦ ወጌሾች ተሰብስበው አጭር ትምህርት ሲሰጣቸው እንዲህ ያለው ጉዳት ቀነሰ። አልተሰደቡም፣ አልታሰሩም፤ እንደ ባለሙያ ተከብረው ተማሩ፤ ልጆችም ከመቆረጥ ዳኑ።

አሜሪካ ከብዙ ድካም በኋላ የተማረችውን እኛ በአጭር መንገድ ልንማረው እንችላለን። ወጌሻን ማንቋሸሽ ከሐኪሙ ያርቀዋል፤ ልክ ላ ክሮስ ላይ እንደሆነው፣ ስሕተቱንም እንደ ጋሻ እንዲይዝ ያደርገዋል። ባህል ነው ብሎ ከጥያቄ በላይ ማድረግም ሕመምተኛውን አሳልፎ መስጠት ነው። ይመዝገብ፣ ይሠልጥን፣ ሥራው ይመዘን፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሲልክም ጤና ጣቢያው በክብር ይቀበለው።

እስከዚያው ግን የመጀመሪያው ጠባቂ እርስዎ ነዎት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ወገብዎን ለሚነካ ሁሉ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ይሁን ጋቢ፣ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ሕመሜ ምን ይመስልዎታል? ስንት ጊዜ ልመላለስ፣ ካልተሻለኝስ መቼ እናቆማለን? ምን ጉዳት ሊደርስብኝ ይችላል? ወደ ሐኪም የሚልኩኝ ምን ሲያዩ ነው? ይህን በእርጋታ የሚመልስ ሰው ይታመናል። የሚቆጣ፣ ወይም ገና ሳይመረምር የብዙ ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ ተነሥተው ይውጡ። መኪና ተጋጭተው ከሆነም ስንት ጊዜ እንደሚታከሙ የሚወስነው ሕመምዎ እንጂ የካሳው ጉዳይ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ከወገብ ሕመሙ ጋር እግርዎ ከዛለ፣ በጭንዎ መካከል ከደነዘዘዎ፣ ወይም ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎ ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለም እሽታ አይፈልጉ፤ ቲቢ አከርካሪን እንደሚይዝ አይርሱ። ካንሰር ኖሮባቸው የሚያውቁና ወድቀው የተነሡ አረጋውያንም በመጀመሪያ መታየት ያለባቸው በሐኪም ነው።

ለሙያው ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ካይሮፕራክተር ሆይ፣ አባቶችዎ መታሰራቸው ያስከብራቸዋል፤ እርስዎን የሚያስከብርዎ ግን ለሕመምተኛዎ የሚነግሩት እውነት ነው። ሐኪም ሆይ፣ ሕመምተኛዎ ወጌሻ ወይም ካይሮፕራክተር ጋ ሄጄ ነበር ሲልዎ አይቆጡት፤ ቢቆጡት ሁለተኛ አይነግርዎትም። ወጌሻ ሆይ፣ ከአባትዎ የወረሱት እጅ ትምህርት ቢጨመርበት ይበልጥ ይታመናል።

እርስዎም አንባቢዬ፣ ይህን ደብዳቤ ወገቡን ለሚያመው ሰው ያንብቡለት፤ ጥያቄዎቹንም በቃሉ ይያዛቸው። ሕመምተኞች መጠየቅ ሲለምዱ ባለሙያዎችም መመለስን ይለምዳሉ።



አክባሪዎ